ዐፄ ቴዎድሮስና መንኰራኵራቸው

በዘመናችን ታላላቅ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች በየጊዜው አንድ ልዩ መኪና ሠርተው በትርኢት አዳራሽ ያቆማሉ። ይህ መኪና ለገበያ የሚወጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም ቍጥሩ ከአንድ አይበልጥም። የሚሠራው ነገ ሊመጣ የሚችለውን ዛሬ በዓይን ለማሳየት ነው። ስለዚህም ሠሪዎቹ ያልተለመደ ቅርጽ ያወጡለታል፤ ያልተሞከረ ዕቃም ያለብሱታል። ቢ ኤም ደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ2000 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳየው ጊና የሚባለው መኪና ገላው ቆርቆሮ ሳይሆን የሚለጠጥ ጨርቅ ነበር።

እኛም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የክብረ በዓል መጽሔት ስለ እንዲህ ያለው መኪና ለመጻፍ አስበን ነበር። ነገር ግን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ፥ ገና ያልተለመደውን ተሽከርካሪ በእጅ በተገኘው ዕቃ ሁሉ የመሥራት ሐሳብ፥ ከእኛው ከስሜን ተራራ አገር ዘውድ የጫኑ አንድ ንጉሥ ከ150 ዓመት በፊት ሌሊትና ቀን ሲያወጡና ሲያወርዱት እንደ ኖሩ ተገነዘብን። እኒህም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጦርነታቸውንና ፍርዳቸውን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ ሁሉን እንተርክ ብንል መጽሔቱ አይበቃንም። እኛ በተለይ የምንከተለው መንኰራኵራቸውን ነው።

የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ሲሆን፥ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ጠላቶቻቸው በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በገዳም ፊደል ቈጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ካደጉም በኋላ በቋራ ቆላ ሸፍተው ጭፍራ ሰበሰቡ። ኃይላቸው እየበረታ ቢሄድ ራስ አሊ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ድረውላቸው ሊያለዝቧቸው ሞከሩ። ይህን ሁሉ በአጭሩ እናልፈዋለን።

የማናልፈው የ1840 ዓ.ም.ን ነገር ነው። በዚያ ዓመት ካሣ ጭፍራቸውን ይዘው በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። (የቦታው ስም ከከተማችን ከደባርቅ ስም ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ተማሮች ይደባለቅባቸዋል፤ ደባርቂ ግን በምዕራቡ ቆላ ነው።) የካሣ ሰዎች ልብ አላነሳቸውም ነበር። ይሁን እንጂ ግብጾቹ በምሽግ ሆነው በሥርዓት ተኮሱባቸው፤ መድፍም ነበራቸው። ወደ ምሽጉ የሮጠው ሁሉ ሳይደርስ ወደቀ። ካሣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ከልባቸው አልወጣም፤ አንዱ ሥርዓት ያለው ወታደር፥ ሁለተኛው መድፍ ነው። መድፍ ደግሞ በትከሻ የሚያዙት ጠመንጃ አይደለም። ከባድ ነው፤ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚሄደው በመንኰራኵር ነው፤ መንኰራኵርም የሚሄደው በመንገድ ላይ ነው። እንግዲህ የንጉሡ ሐሳብ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ የሄደው ይህን ተከትሎ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲያ ድል በድል ላይ ተከተለ። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ በአይሻል ራስ አሊን አሸነፉ። የቀሩት ስሜንንና ትግሬን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ በምትገኘው በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ዘውድ ሊጭኑባት ነው። በሕንፃው ሥራ ላይ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ረድቷቸዋል። ዛንደር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሠዓሊም በቤታቸው ያገለግል ነበር። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ካሣ ውቤን በዚያው በደረስጌ አጠገብ ድል ነሥተው ማረኳቸው፤ በሁለተኛውም ቀን ለውቤ በተዘጋጀችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ውቤ ታሰሩ፤ ሠዓሊው ዛንደር ግን ወደ አዲሱ ንጉሥ አገልግሎት ተሻገረ። ንጉሥ የሚማርከው ወርቅና ጋሻ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብ ያለውን ሰው ከምርኮ ሁሉ አብልጠው ይወዱ ነበር።

አሁን በዚያ ዘመን አገሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። በደጋ አገራችን ሸክም የሚሄደው በበቅሎና በአህያ ጀርባ፥ ይልቁንም በሴቶች ጀርባ ነበር። ለሥራ የሚያገለግል ሠረገላ የተለመደ አልነበረም። ይህ ከስንፍና አልመጣም፤ ከስሜን ግርጌ ተወልዶ ያደገ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። አምባውና ገደሉ ለመንኰራኵር አይመችም። መንገድ ከሌለ ሠረገላ ከንቱ ነው፤ ሠረገላ ከሌለም መንገድ የሚጠርግ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ቋጠሮ በሁለቱም በኩል ባንድ ጊዜ ሊፈቱት ተነሡ። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፥ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶች እንዲጠረጉ አዘዙ። ማዘዝ ብቻም አይደለም፤ ድንጋዩን ፊት ሆነው በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም መኳንንቱ ቆመው ማየት ስለማይችሉ እነርሱም ይሸከማሉ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት፥ ቀጥቃጭና ሸማኔ በሚሰደብበት አገር ይህ ከመንገዱ ከራሱ የሚበልጥ ነገር ነበር ብለን እናምናለን።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ኮረብታ አለች። ንጉሡ አውሮጳውያን ሠራተኞችን ያሰፈሩት በዚያች ነው። ከእነዚህ የሚበዙት ከ1848 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመጡ፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ቤት የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። የላኳቸውም ቀድሞ ጎንደር ተቀምጠው የነበሩት፥ በኋላ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ኤጲስ ቆጶስ የሆኑት ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንትስለን የሚባሉት ከእነርሱ ወገን ናቸው። ሐሳባቸው በአንድ እጃቸው የእጅ ሥራን፥ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስን ይዘው ሕዝቡን ለማስተማር ነበር። ንጉሡ መጽሐፍ ቅዱሱን በአክብሮት ተቀበሉ፤ ነገር ግን ልባቸው በሌላው እጅ ላይ ነበር።

መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው። ቀጥሎ ጠመንጃ አሳደሷቸው። በመጨረሻም መድፍ ቀልጦ ሲፈስ ማየት እንፈልጋለን አሏቸው። ሚሲዮናውያኑ ከመካከላቸው ይህን ጥበብ የተማረ እንደሌለ ገለጹላቸው። ንጉሡ ግን አንድ አውሮጳዊ የሚሠራውን ሌላው አውሮጳዊ የማይሠራበት ምክንያት አልታያቸውም፤ እሺ እስኪሉ ድረስ አሽከሮቻቸውን በሰንሰለት አሰሩባቸው። ስለዚህ እቶን ሠርተው ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ከሸፈ። በመጨረሻ ሲሳካ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም፤ ሠራተኞቹንም በስጦታ አንበሸበሿቸው። በጋፋት ለኢትዮጵያውያን ልጆችም ትምህርት ተከፈተ፤ ፊደልና የእጅ ሥራ አብረው ይማሩ ነበር። ልጆቹ ሲሠሩ አይተው ብረት ማቅለጥንና እንጨት መላግን ቀሰሙ። ለመድፎቹም መንኰራኵር ያላቸው ሠረገሎች ተሠሩላቸው።

ይህን ክፍል ስንጽፍ ብዕራችን ይከብደናል። እኛ ራሳችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነን፤ ፊደልም አናጢነትም ያስተማሩን እንደ እነዚያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች ሰው የሚገድል ዕቃ መሥራታቸው ትክክል ነበርን? አንዳንዶቻችን ፈርተው ነው፥ ምርጫም አልነበራቸውም እንላለን። ሌሎቻችን ስጦታውን በደስታ ተቀብለው ቤት ሠርተው መኖራቸውን አንሥተን እንወቅሳለን። በንጉሡም በኩል ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጥበብን ከልብ የሚወድ ሰው ጥበበኛውን በሰንሰለት ማስገደዱ ምን ይባላል? ተማሪ በአለንጋ ፊደል ሊያውቅ ይችል ይሆናል፤ መጽሐፍ መውደድ ግን በአለንጋ አይመጣም። በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።

ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ በትርኢት አዳራሽ ከሚታየው መኪና ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን መድፉ አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው የጣና ጀልባቸው ነው። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ከውጭ አገር ሰዎችም ስለ እርሱ ይሰሙ ነበር። መርከቡ የለም፤ ብረቱ የለም፤ የእንፋሎት ሞተሩም የለም። ያለው ደንገል ነው። ደንገል በጣና ዳር የሚበቅል፥ ወይጦዎች ታንኳ የሚያበጁበት ሣር መሳይ ተክል ነው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ቴዎድሮስ ከተራው ታንኳ እጅግ የሚበልጡ ሁለት ጀልባዎች በደንገል አሠሩ፤ በላያቸው የሳንቃ ወለል አነጠፉ፤ በጎናቸውም ውኃውን የሚቀዝፉ መንኰራኵሮች አስገጠሙ። መንኰራኵሮቹ የሚዞሩት በእንፋሎት ሳይሆን ሰዎች እንደ መሣያ ድንጋይ በእጅ በሚያሽከረክሩት እጀታ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥቂት ቆም ብለው ያስቡት። መርከቡን ሳያዩ የመርከቡን ሥራ ከወሬ ለይቶ ማውጣት፥ ከዚያም የሌለውን ብረት በደንገል፥ የሌለውን እንፋሎት በሰው ክንድ ተክቶ ማሠራት ምን ያህል ድፍረት ነው? የባዝል መሐንዲስ ቢጠይቁት ይስቅ ነበር። የጨርቅ መኪና የሠሩት ጀርመኖች ግን የሚስቁ አይመስለንም። ደንገል አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጀልባው ከውኃ እየወጣ ፀሐይ ካልመታው በቀር እየከበደ ይሄዳል፥ ዕድሜውም አጭር ነው። በዚያ ላይ ሳንቃና መንኰራኵርና ብዙ ሰው ሲጫንበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሙከራው አልቀጠለም። በጣናም ላይ ታንኳው በቀድሞው ሥርዓቱ ሲቀዝፍ ኖረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዙሪያው እየጨለመ ሄዶ ነበር። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳይመጣላቸው ቀረ። በዚህ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ አንዳንድ ሚሲዮናውያንም ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለ መልእክተኛ መጣ፤ በመጨረሻ እርሱም ታሰረ። ንጉሡ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ ለንደን የላኩት ወርቅ እንዲያመጣ አልነበረም፤ የእጅ ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ሠራተኞችንና መሣሪያዎችን ሰብስቦ እስከ ምጽዋ ድረስ ላከ። ነገር ግን መጀመሪያ እስረኞቹ ይፈቱ ተባለ፤ ንጉሡ ደግሞ መጀመሪያ ሠራተኞቹ ይምጡ አሉ። ሠራተኞቹ ምጽዋ ላይ ወራት ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከታሪካቸው ሁሉ እኛን የሚያንገበግበን ይህ ነው። ሃያ ዓመት ሲመኙት የኖሩት ነገር ባሕር ተሻግሮ ከደጃቸው ደርሶ ነበር፤ አንድ ቃል ቢለዝብ ወደ ጋፋት ይወጣ ነበር። ያን ቃል ግን ከሁለት ወገን አንዱም አላለዘበውም።

በአገር ውስጥም ነገሩ ተበላሸ። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጡ። በላስታ፥ በጎጃም፥ በትግሬ የተነሣው ሁሉ ከእጃቸው ወጣ። ለወታደር ቀለብ ሲሉ ገበሬውን አስመረሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፥ አቃጠሉ፥ የቤተ ክርስቲያኖቿንም ንብረት ወሰዱ። ለዚህ ምንም ዓይነት ምክንያት ብናቀርብ የጎንደር ሰው አይሰማንም፤ እኛም አናቀርብም።

በመጨረሻ በእጃቸው የቀረው የደብረ ታቦር አካባቢና የመቅደላ አምባ ብቻ ሲሆን፥ የሥራቸው ሁሉ ቁንጮ የሆነው መድፍ ፈሰሰ። ስሙንም ሴባስቶፖል አሉት። ሴባስቶፖል በክሪሚያ ያለ የሩስያ ምሽግ ነው፤ ንጉሡ በነገሡበት ዓመት እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከበውት ነበር፥ ዝናውም ዓለምን ሞልቶ ነበር። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝን እንደ ነበር ይነገራል። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ።

በቀጥታ ሲለካ መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፈጀው ግን ስድስት ወር ገደማ ነው። ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ፥ ነጂው በየጠመዝማዛው እንዴት ፍሬን እንደሚይዝ፥ ተሳፋሪውም እንዴት ጸሎት እንደሚያደርስ ያውቃል። ያ መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በመሐንዲስ ተቀይሶ የተሠራ ነው። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ግን ያን ጊዜ የቀየሳቸው መሐንዲስ አልነበረም፤ ቀያሹም ነጂውም ንጉሡ ነበሩ። ፊት ፊት መንገዱ ይጠረጋል፤ አለቱ ይፈለጣል፤ ጕድጓዱ በድንጋይ ይሞላል። ኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ ሠረገላውን ይስባሉ። ዳገት ሲሆን በመሳብ፥ ቍልቍለት ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ በመያዝ ይደክማሉ፤ ቍልቍለቱም ከዳገቱ የባሰ ነበር፥ ገመዱ ከተበጠሰ 7 ቶኑ በፊቱ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳልና። ሽፍቶች በግራ በቀኝ ይጠብቃሉ፤ እህል ያንሳል፤ ወታደሩ ሌሊት ሌሊት ይከዳል። ንጉሡ ግን ከሠራተኛው ጋር እየዋሉ በመጋቢት ወር 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን መቅደላ አደረሱ። መድፉ አንድም ጊዜ ሳይተኰስ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ጉዞዎች አንዱን ፈጽሟል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

በዚያው ጊዜ ጀኔራል ናፒየር ከሕንድ ጦር ይዞ በዙላ ወርዶ ነበር። እንግሊዞች ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ የእንፋሎት ሞተር በዚያ አገር የተሽከረከረው እንዲህ ሆኖ ነው። ወደ ደጋው ሲወጡ ግን መንኰራኵር አላዋጣቸውም፤ ከባዱን መድፋቸውን ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ ጫኑት። የነገሩ ግርምት በዚህ ነው፤ የፋብሪካ አገር ጦር መድፉን በእንስሳ ጀርባ ሲያመጣ፥ ሠረገላ ባልተለመደበት አገር ያለው ንጉሥ መድፉን በመንኰራኵር አመጣ። ከዚህም የሚብሰው፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ ጂዳ ሲደርስ ንጉሡ ለሴባስቶፖል በጠረጉት መንገድ መውረዱ ነው።

የተረፈውን አንባቢ ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። በመጨረሻው ሳምንት ቴዎድሮስ በቍጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ወደ ገደል አስጣሉ። ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት፥ ጦራቸው በአሮጌ ሜዳ ተሰለፈ፤ ገብርዬና 700 ያህል ሰዎች ወደቁ። ከአምባው ላይ ከተተኰሱት ትላልቅ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ተጐርሶ ነበርና ፈነዳ። ሴባስቶፖል ለጦርነቱ አልረዳም። ከዚህ በኋላ አውሮጳውያኑን እስረኞች ፈትተው ሰደዱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ፥ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የእኛው አገር ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ ከመቅደላ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በወጣትነቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በዊንዘር ነው። ከመድፍ ሠራተኞቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል የሚባለው ፖላንዳዊ ደግሞ የሠዓሊውን የዛንደርን ልጅ አግብቶ ነበርና፥ በዚያው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሴት ልጅ ተወለደችለት፥ መግደላዊትም ተባለች። የታወቀው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ይህን ብዙዎቻችን ስንሰማ አላመንንም ነበር።

እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ለማውረድ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጓቸው። ሴባስቶፖልን ግን አላወረዱትም፤ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው።